የጠፋው ሚድ፦ የአንድ ጃዝ ቤዝ ፒክአፕ እንዴት እንደተመረጠ

ጉዳዩ የአንድ ወጣት ቤዚስት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በሠርግ አዳራሾችና በሆቴል ምሽቶች ይጫወታል። ባንዱ ውስጥ ድራም፣ ኪቦርድ፣ ሊድ ጊታርና ሳክስፎን አሉ። መሣሪያው የፌንደር ጃዝ ቤዝን ንድፍ የተከተለ፣ ባለ አራት ክር (ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ)፣ ባትሪ የማይፈልግ ፓሲቭ ቤዝ ነው። ቤዙን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ የጠየቀኝ አጭር ነበር፦ «ጋሼ፣ ሚዱ ሞቅ ብሎ ሃዩ ጥርት የሚል ፒክአፕ ይምረጡልኝ።» ፒክአፕ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው፣ ማግኔትና በዙሪያው የተጠቀለለ ሽቦ (ኮይል) ያለው ክፍል ነው፤ ሚድ መካከለኛው፣ ሃይ ቀጭኑ የድምፅ ክልል ነው።

ነገሩን በዝርዝር የምጽፈው ጥያቄው የእሱ ብቻ ስላልሆነ ነው። ፒክአፕ ለመቀየር የሚነሣ ቤዚስት ሁሉ ማለት ይቻላል ይህንኑ ይላል። ከዚያ አንድ የሚያውቅ ሰው «አልኒኮ ውሰድ፣ ሞቃት ነው» ወይም «ሴራሚክ ይሻልሃል፣ ይወጣል» ይለዋል፤ እሱም ገንዘቡን ያወጣል። የማግኔቱ ዓይነት ከምርጫው መጨረሻ ላይ መምጣት የነበረበት ጥያቄ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ከእሱ በፊት መልስ የሚሹ ብዙ ነገሮች ነበሩ።

ልጁም በዚሁ መንገድ አንድ ጊዜ አልፏል። ቤዙ ላይ የነበሩትን ፒክአፖች አስነቅሎ «ሆት» የሚባሉትን፣ ሽቦ የበዛባቸውንና ማግኔታቸው ወፈር ያለውን አስገብቷል። ቤቱ ብቻውን ሲጫወት ድምፁ ወፍራም ነው፤ ደስ ይላል። መድረክ ላይ ግን ይጠፋል። ሳውንድ ማኑ ሃይ ሲጨምርለት የሚመጣው የክሩ ጥራት ሳይሆን ሽሽታና የመብራት ዝዝታ ነው። ቤዝ ሲጨምርለት ደግሞ አዳራሹ ያጉረመርማል፤ የትኛው ኖታ እንደተመታ ግን አይለይም።

የሚፈልገው ድምፅ

«ሞቃት» ሰው ሁሉ በየራሱ የሚተረጉመው ቃል ስለሆነ የሚወደውን እንዲያሰማኝ ጠየቅሁት። ከስልኩ ያሰማኝ የዋልያስ ባንድንና የሮሃ ባንድን ሥራዎች ነበር፤ የመላከ ገብሬንና የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ። ምርጫው ብዙ ነገር አስረዳኝ። በእነዚያ ቅጂዎች ላይ ቤዙ ከሥር ሆኖ የሚያጅብ ብቻ አይደለም፤ የራሱን ሐረግ ይዞ ይሄዳል። በችክችካ ላይ ከድራሙ ጋር እየተቀባበለ ሲጓዝ እያንዳንዱ ኖታ ሲነሣም ሲያበቃም ይሰማል። ልጁ የፈለገው ሙቀት ይህ ነው እንጂ ደረት የሚመታ ጉልበት አይደለም።

ይህን ወደ ቁጥር እንመልሰው። የኢ ክር ሳይጫን ሲመታ መሠረቱ 41 ኸርዝ (በሰከንድ 41 ንዝረት) አካባቢ ነው። ብዙ የአዳራሽ ስፒከሮች እዚያ ድረስ በደንብ አይወርዱም። ጆሯችን ኖታውን የሚያውቀው ከላይ ተከትለው ከሚመጡት ድምፆች፣ ከ82፣ ከ124፣ ከ165 ኸርዝና ከዚያ በላይ ካሉት ነው። በሥራዬ የምጠቀምበት ክፍፍል እንዲህ ነው፦ ከ200 እስከ 500 ኸርዝ ያለው ሙቀቱ፣ ከ700 እስከ 1,200 ያለው ኖታው የሚለይበት፣ ከ2,000 እስከ 4,000 ያለው ደግሞ ጣት ክሩን ሲለቅ የሚሰማው ጥራት ነው። እንግዲህ ሙቀትና ጥራት የሚኖሩት በተለያየ ቦታ ነው፤ አንዱ ሲመጣ ሌላው መሄድ የለበትም። የሚወስኗቸውም ነገሮች የተለያዩ ናቸው። «ጠንካራ ፒክአፕ» ብሎ ሁለቱንም ባንድ ግዢ ለማግኘት መሞከር ነው ሰውን የሚያከስረው።

ከግዢ በፊት

መጀመሪያ ክሮቹን አየን። ያረጁ ነበሩ። ክሩ የማያወጣውን ድምፅ የትኛውም ፒክአፕ አይፈጥረውም፤ ስለዚህ አዲስ የኒኬል ራውንድዋውንድ (ክብ ሽቦ የተጠቀለለበት፣ ድምፁ ደማቅ የሆነ ክር) አደረግንለት። ክር ምን ያህል እንደሚወስን ለማሳየት ሁሌም የማነሣቸው ሁለት ሰዎች አሉ። ጄምስ ጄመርሰን በሌላው የፌንደር ቤዝ በፕሪሲዥን ላይ ያረጀ ፍላትዋውንድ (ጠፍጣፋ ሽቦ የተጠቀለለበት፣ ድምፁ ለስላሳ) ክር ይዞ የአሜሪካውን የሞታውን ሸክላ ቤት ሙዚቃ በሙቀት ሞላው። ጃኮ ፓስቶሪየስ በ1962 ጃዝ ቤዙ ላይ የሮቶሳውንድ ራውንድዋውንድ አድርጎ፣ የኋላውን ፒክአፕ አጉልቶ፣ ቤዝን እንደ ሰው ድምፅ አዘመረው። ሁለቱም ፓሲቭ ፌንደር ነው የያዙት። ልዩነታቸውን በፒክአፕ ብቻ ለማስረዳት የሚሞክር ሰው ክሩንና ቀኝ እጁን ረስቷል።

ቀጥሎ ከፍታ። ፒክአፖቹ ክሩን ሊነኩ ጥቂት ነበር የቀራቸው። የማግኔት ዘንግ ክሩ ሥር ሲጠጋ ክሩን ይስበዋል፤ ኖታው ቶሎ ይሞታል፣ ከላይኛው ፍሬት ላይ ሲጫወቱት ደግሞ ይዛነፋል። የመጨረሻውን ፍሬት ተጭነን በኢ በኩል ወደ 3፣ በጂ በኩል ወደ 2.5 ሚሊ ሜትር ክፍተት እንዲኖረው ዝቅ አደረግናቸው። በእነዚህ ሁለት ነገሮች ብቻ ቤዙ ነፍስ ዘራ። እዚህ ላይ ቢቆም ገንዘቡ የሚተርፍለት ቤዚስት ብዙ ነው። በዚህኛው ላይ ግን ሃዩ በከፊል ተመልሶ ሚዱ እንደጠፋ ቀረ።

የሽቦአቸውን ሬዚስታንስ (ለኤሌክትሪክ ያለውን እምቢታ) በቴስተር ስንለካ እያንዳንዳቸው ወደ 13 ኪሎ ኦም አሳዩ። የተለመደው የጃዝ ቤዝ ፒክአፕ ከ7 እስከ 8 አካባቢ ነው። ሆኖም ሰው በዚህ ቁጥር ብቻ እንዲገዛ አልመክርም። የመዳብ ሽቦ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ሬዚስታንሱ በ4 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ጠዋት 7.5 ያሳየ ፒክአፕ ከሰዓት 7.7 ቢያሳይ ያው ራሱ ነው። ሽቦው ከቀጠነም ያለ ምንም ተጨማሪ ጉልበት ቁጥሩ ይወጣል። ስለ ድምፁ ይበልጥ የሚናገረው ኢንዳክታንሱ ነው፤ ይህም ኮይሉ ሃዩን ምን ያህል እንደሚገታ የሚያሳይ፣ በሄንሪ የሚለካ ልክ ነው። ጥሩ መለኪያ ያለው ሰው ፈልጎ ቢያስለካ ይጠቀማል። የእነዚህ ከ6 ሄንሪ በላይ ሆነ፤ ለጃዝ ቤዝ የተለመደው ከ3 እስከ 4 ነው።

ይህ ለምን ያስጨንቃል? ፒክአፑ ብቻውን አይሠራም። ኢንዳክታንሱ ከኬብሉ ካፓሲታንስ (ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅም፣ በፒኮፋራድ የሚለካ) ጋር ሲጣመር ድምፁ ጎላ የሚልበት አንድ ጫፍ ይፈጠራል፤ ከዚያ ጫፍ በላይ ያለው ድምፅ በፍጥነት ይወድቃል። ልጁ የሚጠቀምበት ኬብል 6 ሜትር ነበር። በሜትር 100 ፒኮፋራድ ብንይዝ 600፣ ከፒክአፑ የራሱ ጋር 700 ገደማ ይሆናል። 6 ሄንሪ ከዚህ ጋር ሲገናኝ ጫፉ 2,450 ኸርዝ ላይ ያርፋል። ፒክአፑ 3.5 ሄንሪ ቢሆን በዚያው ኬብል 3,200 ይሆናል። ኬብሉ ደግሞ ወደ 3 ሜትር ቢያጥር 4,250 ገደማ። ሳውንድ ማኑ ሃይ ሲጨምር የክሩ ጥራት ያልመጣው ለዚህ ነው፦ ከ2,500 በላይ የሚጨመርበት ነገር ቀድሞውኑ አልነበረም፤ የቀረው ሽሽታ ብቻ ነው።

ስለዚህ የጥራቱ ጥያቄ ተመለሰ፦ ኢንዳክታንሱ መደበኛ የሆነ ፒክአፕና አጠር ያለ ኬብል። የሙቀቱ ግን ገና ነበር፤ የጉዳዩም ዋና ነገር እሱ ነው።

ሚዱን የበላው

እንዲጫወትልኝ ጠየቅሁትና እጁን ሳይሆን ኖቦቹን አየሁ። ሁለቱን ቮሊዩም ሙሉ በሙሉ ከፍቶ ነው የሚጫወተው። ሁልጊዜ እንዲህ እንደሆነ ስጠይቀው ሌላ ምርጫ እንደሌለው ነገረኝ፤ አንዱን ትንሽ ከቀነሰው ሃሙ፣ ከመብራት የሚመጣው ጉርምርምታ፣ ይነሣል።

ትክክል ነው። ጃዝ ቤዝ በ1960 ሲወጣ ሁለቱ ነጠላ ኮይሎች አንዱ በሌላው ተቃራኒ ተጠቅልለው፣ ማግኔታቸውም ተገልብጦ ነው የተሠሩት። ሁለቱ እኩል ሲከፈቱ የክሩ ድምፅ ይደመራል፤ ከመብራቱ የሚመጣው ሃም ይጣፋል። እኩልነቱ ሲፈርስ ሃሙ ይመለሳል። በእኛ አገር መብራቱ 50 ኸርዝ ስለሆነ ሃሙ በ50ና በ100 ኸርዝ፣ ልክ በቤዙ ክልል ውስጥ ይቀመጣል። ዲመር ባለበትና የሠርግ መብራት በተደረደረበት አዳራሽ ይብሳል። ልጁ ጸጥታን መርጦ ሁለቱን ከፍቶ ይጫወታል።

ለዚህ ጸጥታ የሚከፍለው ዋጋ ግን ሚዱ ነው። ሁለቱ ፒክአፖች ክሩን በሁለት ቦታ ያዳምጣሉ። በ1960ዎቹ ንድፍ በመካከላቸው ያለው ርቀት ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ነው። በአንድ የተወሰነ ድምፅ ላይ ክሩ ከአንዱ ፒክአፕ በላይ ሲወጣ ከሌላው በላይ ይወርዳል፤ ሁለቱ እኩል ሲደመሩ ያ ድምፅ ይጠፋል። የክሩን 86.4 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና ቅኝቱን ይዘን ስናሰላው በኢ ክር ላይ የሚጠፋው በግምት ከ330 እስከ 390 ኸርዝ ያለው ነው። በኤ ክር ከ440 እስከ 520፣ በዲ ከ590 እስከ 690፣ በጂ ከ790 እስከ 920 አካባቢ። ጣት ፍሬት ላይ ቢንቀሳቀስ እንኳ ይህ ጉድጓድ ለእያንዳንዱ ክር በቦታው ይቆያል፤ የሚወስነው ኖታው ሳይሆን የፒክአፖቹ ቦታና የክሩ ክብደትና ውጥረት ነውና። ቁጥሮቹን ከላይ ካስቀመጥኩት ክፍፍል ጋር ያስተያዩ፦ የጠፋው ሙቀቱና ኖታው የሚለይበት ክፍል ነው።

በ1970ዎቹ ፌንደር የኋላውን ፒክአፕ ክሮቹ ወደሚታሰሩበት ወደ ብሪጁ አስጠግቶ ርቀቱን ወደ 10 ሴንቲ ሜትር አደረሰው። ጉድጓዱ ትንሽ ወረደ፤ የኋላው ፒክአፕም ይበልጥ ሳለ። ለስላፕ፣ ክሩን በአውራ ጣት እየመቱ ለሚጫወቱት ስልት፣ የሚወደደው ያ ድምፅ የመጣው ከዚህ ነው። ቤዝ ሲገዛ ርቀቱን በማስመሪያ መለካት ከማንኛውም የካታሎግ ጽሑፍ የበለጠ ይነግራል። የልጁ ቤዝ የ1960ዎቹን ርቀት የያዘ ሆኖ አገኘነው፤ መልካም ዕድል ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ይመስላል፦ የፊተኛውን ከፍቶ የኋላውን ጥቂት ቀነስ ማድረግ። ያኔ መጣፋቱ ሙሉ አይሆንም፤ ጉድጓዱ ወደ ትንሽ ዝቅታ ይለወጣል፤ ሚዱ ይመለሳል። ሃሙ ግን ይህን መንገድ ዘግቶበታል። ስለዚህ «የትኛው ፒክአፕ ሞቃት ነው?» የሚለው ጥያቄ ቦታውን ለቀቀ። የምንፈልገው ቮሊዩሞቹን እንደ ልብ የሚያስነካ ፒክአፕ ሆነ።

ምርጫው

ነጠላ ኮይል ያለው፣ አልኒኮ 5 ማግኔት የያዘ፣ እንደ ሲሞር ደንከን ኤስጄቢ-1 ያለ ፒክአፕ በድምፅ ረገድ ልጁ የፈለገውን ይሰጣል። ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠራ ሰው ቢሆን ሳላመነታ እሱን እመክረው ነበር። ለሠርግ አዳራሽ ግን ያንኑ ሃም ይዞ ይመጣል፤ ስለዚህ ተውነው።

አክቲቭ ፒክአፕ፣ ለምሳሌ ኢኤምጂ፣ ውስጡ ማጉያ አለው፣ በ9 ቮልት ባትሪ ይሠራል፣ የኬብል ርዝመት አያስጨንቀውም፣ ጸጥተኛ ነው። ለብዙ ሰው ትክክለኛ መልስ ነው። ልጁ ግን ባትሪ አልፈለገም፤ እኔም አልገፋሁትም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ባትሪ ያለቀበት ቤዚስት ሲቸገር አይቻለሁ።

ፕሪሲዥን ፒክአፕ ይግባለት የሚል ሐሳብም ነበር። የፕሪሲዥን ቤዝ በ1951 በነጠላ ኮይል ወጣ፤ በ1957 ሊዮ ፌንደር ኮይሉን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለኢና ለኤ፣ ግማሹን ለዲና ለጂ ሰጠው። ሁለቱ ግማሾች በተቃራኒ ስለተጠቀለሉ ፒክአፑ ብቻውን ሃም አያሰማም፤ አንድ ቦታ ብቻ ስለሚያዳምጥም ሁለት ፒክአፕ የሚያመጣው ጉድጓድ የለውም። ሚዱ የሚወደደው ለዚህ ነው። ነገር ግን እንጨቱን መቦርቦር ይጠይቃል፤ የተቦረቦረ ደግሞ አይመለስም። የልጁ ቤዝ ጤነኛ ነው፤ እንጨቱን ለመንካት ፈቃደኛ አልሆንኩም።

በጃዝ ፒክአፕ መጠን ሃም የማያሰሙ ሁለት ዓይነቶች አሉ። አንዱ ሁለት ኮይሎችን አንዱን ከአንዱ በላይ ይደራርባል። የታችኛው ከክሩ ርቆ ስለሚቀመጥ ከድምፁ ብዙም አይካፈልም፤ ሽቦው ግን መንገዱ ላይ አለ፤ በጆሮዬ ሃዩን ያለሰልሰዋል። ሌላው የ1957ን የሊዮ ፌንደር ሐሳብ ወስዶ በጠባቡ የጃዝ ሽፋን ውስጥ ያስገባዋል፦ ሁለት አጫጭር ኮይሎች ጎን ለጎን፣ አንዱ ለኢና ለኤ፣ ሌላው ለዲና ለጂ። ኖርድስትራንድና ዲማርዚዮ በዚህ መንገድ የተሠሩ አሏቸው። ሁሉም ኮይል ክሩ ሥር ስለሚሠራ የሚባክን ሽቦ የለም። እያንዳንዱ ፒክአፕ በራሱ ጸጥተኛ ነው፤ ቮሊዩሞቹ ነጻ ይወጣሉ።

ይህኛውን መረጥን። ማግኔቱ ላይ የደረስነው ከዚህ በኋላ ነው። ሴራሚክ ከአልኒኮ ይበረታል፤ ብዙ ጊዜ ከብረት ዘንግ ጋር ስለሚሠራ ኢንዳክታንሱን ከፍ ያደርገዋል። አልኒኮ 5 ዘንግ ያለው ተከፋይ ኮይል፣ ከ4 ሄንሪ የማይበልጥ፣ ብለን ለሚያመጣልን ሰው ጻፍን። የምርት ስም ብቻ ቢጻፍ አይበቃም ነበር፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ወደ እኛ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው፤ የሚያመጣው ሰው ደግሞ ሱቅ ውስጥ ያገኘውን ይገዛል። ልኬቱ ከተጻፈለት ሌላ ስም ቢያገኝም አይሳሳትም። የመጣው 3.5 ሄንሪ አካባቢ ሆኖ ተለካ።

መግጠሙ

አዲሶቹን ፒክአፖች ከመግጠሜ በፊት የቤዙን ጉድጓዶች በመዳብ ወረቀት አለበስኩና ከግራውንድ ጋር አገናኘኋቸው። ሃም የማያሰማ ፒክአፕ ከመብራት ገመድ የሚመጣውን መግነጢሳዊ ሃም ያጣፋል፤ ከዲመርና ከኤልኢዲ መብራት የሚመጣውን ዝዝታ ግን የሚያቆመው መከለያው ነው። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርጎ ያይና ፒክአፑን ያማርራል።

ሁለቱን ከበየድን በኋላ አብረው ሲከፈቱ ድምፁ ቀጠነ፤ ቤዝ የሚባል ነገር ጠፋ። ይህ የተበላሸ ፒክአፕ ምልክት አይደለም፤ አንዱ በተገላቢጦሽ መገናኘቱ ነው። የአንዱን ሁለት ሽቦዎች ስናለዋውጥ ተስተካከለ። በነጠላ ኮይል ጥንድ ላይ አንዱ በተገላቢጦሽ ቢገናኝ ሃሙም አብሮ ይመጣ ነበር፤ በተከፋይ ኮይል ላይ ግን እያንዳንዱ በራሱ ጸጥተኛ ስለሆነ ሃም አያመጣም።

ቮሊዩሞቹ 250 ኪሎ ኦም ናቸው፤ አልነካኋቸውም። 500 ቢደረጉ ጫፉ ይሾልና ሃዩ ከጥራት ወደ መቧጠጥ ያልፋል። የቶኑን (ሃዩን የሚቀንሰውን ኖብ) ካፓሲተር ግን ከ0.047 ወደ 0.022 ማይክሮፋራድ ቀየርኩት። ቶኑ ሙሉ ሲዘጋ ካፓሲተሩ ከፒክአፑ ጋር አዲስ ጫፍ ይሠራል፤ አንድ ፒክአፕ ብቻ ሲከፈት በ0.047 ወደ 390፣ በ0.022 ወደ 570 ኸርዝ። ልጁ በትዝታ ላይ ቶኑን ሙሉ መዝጋት ይወዳል፤ በ570 ሲሆን ድምፁ ሳይታፈን ይጨልማል።

አዳራሹ ውስጥ

የፊተኛው ሙሉ፣ የኋላው ሰባት አካባቢ፣ ኬብሉ 3 ሜትር፣ ሚክሰሩ ላይ የቤዙ ቻናል ሁሉም ነገር መሃል ላይ። ሳውንድ ማኑ ምንም ሳይጨምር ኖታዎቹ ተለይተው ተሰሙ። ሃም የለም። የኢ ክር ላይ የሚሄዱት ረጃጅም ኖታዎች አካል አገኙ፤ ልጁ ወደ ላይኛው ፍሬት ሲወጣ ጣቱ ክሩን ሲለቅ ይሰማል።

አንድ ችግር ግን ፒክአፕ የሚፈታው አልነበረም። የኪቦርዱ ግራ እጅ ቤዙ የሚኖርበትን ከ200 እስከ 400 ኸርዝ ያለውን ቦታ ይዞ ይጫወታል። ኪቦርዲስቱን አነጋገርነው፤ ቤዙ ሐረግ በሚይዝባቸው ቦታዎች ግራ እጁን አንድ ኦክታቭ ከፍ ማድረግ ጀመረ። ይህ ለውጥ ከፒክአፑ ያልተናነሰ ውጤት አመጣ። ሚድ የባንዱ ሁሉ መንደር ነው፤ የቤዝ ፒክአፕ የሚመርጥ ሰው የባንዱን አቀማመጥ ሳያዳምጥ ባይመርጥ እላለሁ።

ተከፋይ ኮይል ያመጣው አንድ ጉድለትም አለ። ኮይሉ የተከፈለው በኤና በዲ ክር መካከል ስለሆነ የኤን ክር ወደ ዲ በኩል ሲጎትቱት ከማግኔቶቹ ይርቅና ድምፁ ትንሽ ይወርዳል። ልጁ ደግሞ በአንቺሆዬና በትዝታ ላይ ክር እየጎተተ ማስዋብ ይወዳል። አሁን የኤን ክር ወደ ኢ በኩል እየገፋ ይጎትተዋል፤ በዚያ በኩል መውረዱ አይሰማም። በዲ ክር ላይም እንዲሁ ወደ ጂ በኩል። ለጣቱ አዲስ ልማድ ነው፤ እየለመደው ነው።